ሽማግሌዎቼን ያጣላው የመጨረሻ ገጽ

ሽማግሌ የሚልክ ሰው የሚፈራው የታወቀ ነው፤ የልጅቷ አባት «ልጄ ገና ናት» ብሎ ሸኝቶ እንዳይመልሳቸው። ሽማግሌዎቹ በሰው ሳሎን ተቀምጠው፣ የመጡበትን ጉዳይ ረስተው፣ «ሞቷል»፣ «አልሞተም» እያሉ እርስ በርሳቸው ይጯጯሃሉ ብሎ የሚፈራ ሙሽራ ግን ያለ አይመስለኝም። እኔም አልፈራሁም ነበር። የደረሰብኝ ግን እሱ ነው።

ነገሩ የሆነው አርባ ምንጭ ነው። እኔ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ከከተማው ወጣ ባለችው ጫኖ፣ ሙዝና ማንጎ መሀል ነው። መቅደስ ደግሞ በታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። የተዋወቅነው የራስ ምታት መድኃኒት ልገዛ ስመላለስ ነው። አንድ ቀን ክኒኑን እየቆጠረች ቀና አለችና «አንተ ልጅ፣ የሚያምህስ ራስህን አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ችግሩ አባቷ ናቸው። ጋሽ ደምሰው በወጣትነታቸው ከጎጃም መጥተው፣ በመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ዕድሜያቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሳያርሙ አያልፉም። አንድ ጊዜ የለቅሶ ማስታወቂያ ላይ ነጠላ ሰረዝ ሲጨምሩ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ለእንዲህ ያለ ሰው መምህርነት ብቻ አይበቃም ብዬ፣ ደራሲ ልሁን አልኩ።

ልብወለዴ «ሁለተኛው ጀልባ» ይባላል። በቀለ የሚባል ዓሣ አስጋሪ አስቴር የምትባል ልጅ ይወዳል። ይጣላሉ፣ ይኳረፋሉ፣ በመጨረሻ አንድ ማለዳ በቀለ ጀልባውን ይዞ ጫሞ ሐይቅ ላይ ይወጣል። ጀልባዋ ባዶዋን ተመልሳ ዳር ትደርሳለች። አስቴር ቆማ ታያታለች። አለቀ። ትላልቅ ደራሲዎች መጨረሻውን ለአንባቢ ይተዋሉ ሲባል ሰምቼ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይኼኔ ነው።

ማተሚያ ቤት ሄጄ ዋጋ ስጠይቅ የነገሩኝን ሰምቼ መቀመጫ ፈለግሁ። ስለዚህ በኤሌክትሮኒክ ላወጣው ወሰንኩ። ገዢው ገንዘቡን በባንክ ያስገባል፣ የደረሰኙን ፎቶ በቴሌግራም ይልካል፣ እኔ ፋይሉን እልክለታለሁ። ወረቀት የለ፣ መኪና የለ፣ መጋዘን የለ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሌላው ሰው ለምን እንዳልሠራው ገርሞኝ ነበር።

ለተማሪዎቼና ለዘመዶቼ ለሙከራ ስልከው መጀመሪያ ያስቸገረኝ ቅርጹ ነው። በትልቅ ወረቀት ልክ አሰናድቼው ኖሮ፣ ስልክ ላይ ሲከፈት ፊደሉ ጉንዳን አክሎ ቁጭ አለ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ይኼ ነገር ፎርሙላ ነው?» አሉኝ። ገጹን በመዳፍ ልክ አሳጥሬ፣ ፊደሉን አተልቄ እንደገና ላክሁ። አሁን ደግሞ አንዳንዱ ስልክ ላይ ፊደሉ ሁሉ ወደ ባዶ ሳጥን ተለወጠ። ጫኖ ያለው አጎቴ ጋልሻ ሳጥኑን ሁለት ቀን ሙሉ ሲገልጥ ከረመና ደወለልኝ።

«ልጄ፣ መጽሐፉ ጥሩ ናት» አለ። «ሰውዬው ግን የት አለ? ቤት ብቻ ነው ያለው። ቤት፣ ቤት፣ ቤት።»

የፊደሉን ፎንት ከፋይሉ ጋር አብሬ አስሬ ስልክለት ነው ሰውዬውን ያገኘው።

ሁለተኛው ዋጋው ነው። በኢንተርኔት ያየሁት አንድ አስተማሪ «ዋጋችሁ በዘጠኝ ይለቅ፣ ገዢ ይሳባል» ስላለ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ብር አልኩ። የመጀመሪያው ደንበኛዬ አከራዬ ጋሽ ሸምሱ ነበሩ። ሲቀላ የታወቁ የጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና ያከፋፍላሉ።

«ይቺ አንድ ብር ምን አጥፍታ ነው ከሁለት መቶው የተባረረችው?» አሉ።

«ገዢ እንድትስብ ነው ጋሼ።»

«እኔን አልሳበችኝም። መቶ ሃምሳ።»

ተከራከርን። የማይታይ፣ የማይመዘን ዕቃ ላይ ከጅምላ ነጋዴ ጋር መከራከር ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። በመቶ ሃምሳ ተስማማን። አንብበው ሲጨርሱ ግን በሬን አንኳኩ።

«ወላሂ አታለኸኛል» አሉ። «ግማሽ ዕቃ ነው የሸጥክልኝ። ሰውዬው የት ገባ?»

«መጨረሻው ለአንባቢ የተተወ ነው።»

«እኔ ስኳር ስሸጥ ኪሎውን ለገዢ ትቼለት አውቃለሁ? ይሁን፤ ከፍያለሁ። ምራቂዬን አምጣ።»

እዚህ ላይ እጄን ሰጠሁ። ምራቂ ማለት ምን እንደሆነ የጫኖ ልጅ አይጠፋውም። ሙዝ የገዛ ሰው ሻጯ ከላይ ሁለት ሳትጨምርለት አይሄድም፤ ካልጨመረችለትም ሁለተኛ ወደ እሷ አይመጣም። ሻጭ ከሆንኩ ምራቂ ዕዳዬ ነው። ደግሞስ በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ምን ችግር አለው? ፋይሉን ከፍቶ መጨረሻው ላይ ግማሽ ገጽ ጨምሮ መላክ ነው። በማግሥቱ ለጋሽ ሸምሱ በቀለ ሐይቁን ተሻግሮ፣ ዲላ ገብቶ፣ የሸቀጥ መደብር ከፈተ። በጣም ደስ አላቸው። «መጀመሪያውኑ ይህን ብትል ሁለት መቶ እከፍልህ ነበር» አሉኝ።

ወሬ እግር የለውም፣ ይሮጣል። ከዚያ በኋላ የገዛ ሁሉ ምራቂ ይጠይቀኝ ጀመር።

ጋሽ ጴጥሮስ የአጎቴ ወዳጅ ናቸው፤ ከጫሞ ዳር ዓሣ እየጫኑ በፒክአፕ ከተማ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የሚሸጡ ሰው። ማስታወቂያ እንዲሠሩልኝ መጽሐፉን በነፃ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ቃላቸውን ጠብቀው «ትኩስ ዓሣ! ትኩስ ልብወለድ! ዛሬ የወጣ!» እያሉ ላይኛውን ሴቻንና ታችኛውን ሲቀላን አዳረሱ። አንዳንድ ሴቶች ልብወለድ የሚባለው ዓሣ እሾህ ይኑረው አይኑረው ጠይቀው ነበር አሉ። እንግዲህ ጋሽ ጴጥሮስም ቅር ያላቸው ነገር ነበር። ሽፋኑን የሠራልኝ ወዳጄ «አርባ ምንጭ ብለህ ያለ አዞ ማን ይገዛሃል?» ብሎ አፉን የከፈተ አዞ ስሎበታል። መጽሐፉ ውስጥ ግን አንድም አዞ የለም።

«ሽፋኑ ላይ ያለው አዞ የት ገባ?» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ። «እዚህ ሐይቅ ላይ ስንት ዘመን ሠርቻለሁ። ብቻውን፣ ማለዳ፣ ተናዶ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚሆን አንተ ልትነግረኝ ነው? ለወጣቱ ማስተማሪያ ይሁን።»

ስለዚህ ለጋሽ ጴጥሮስ በቀለ በአዞ ተበላ። ለአጎቴ ጋልሻ ደግሞ በቀለ በተራራው ዞሮ ጫኖ ወረደና ሙዝ ተከለ። ለመቅደስ የጻፍኩት ግን ምራቂ ብቻ አልነበረም፤ ልቤ ነበር። በቀለ ተመልሶ መጥቶ አስቴርን «አግቢኝ» ይላታል። በአፌ ለማለት ያፈርኩትን ሁሉ እሱ እንዲልልኝ አድርጌ ላክሁላት። «ቆንጆ ነው» ብላ ቀይ ልብ መለሰችልኝ። ያን ቀን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በዚያው መልእክት መጨረሻም «ሽማግሌ ላክ» አለችኝ።

ላክሁ። ማንን? ጋሽ ሸምሱን፣ ጋሽ ጴጥሮስንና አጎቴን። ሦስቱም የተከበሩ፣ ሦስቱም አንደበተ ርቱዕ፣ ሦስቱም አንባቢዎቼ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

እሁድ ረፋድ ላይ ሦስቱ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ሴቻ፣ ጋሽ ደምሰው ቤት ገቡ። አጎቴ በእጁ ለምለም ሳር ይዟል፤ እኛ ጋሞዎች ለሰላም ስንሄድ ሳር እንይዛለን። ሙሽራ ሽማግሌ ባለበት አይገኝምና እኔ ከቤቱ ፊት ለፊት ካለ ጭማቂ ቤት ተቀምጬ አቮካዶ አዘዝኩ። መቅደስ ጓዳ ሆና በስልክ እየጻፈች ልታሳውቀኝ ተስማምተናል።

«ገቡ» ብላ ጻፈች። ቀጥሎ «አባዬ ተቀመጡ ብሏቸዋል»። ተቀመጡ መባል ትልቅ ነገር ነው፤ ቆመው የሚመለሱ አሉ። አቮካዶው ጣፈጠኝ። «ጋሽ ሸምሱ እያወሩ ነው፣ ደህና ነው»። ቆየት ብሎ «ስለ መጽሐፍህ ጀመሩ»። ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ ስልኩ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ማንኪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«እየጮሁ ነው።»

ቀጥሎ «በቀለ ማነው???»

ደንግጣ ነው አልኩ። ሰው ሲደነግጥ የሚያውቀውን ይረሳል።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ጋሽ ደምሰው «ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጋሽ ሸምሱ ምርቃት አስቀድመው «መምህር ነው፣ ደራሲ ነው፣ ከሁሉም በላይ አርቆ አሳቢ ነው» ይላሉ። «መጽሐፉን ቢያነቡት ይገባዎታል። ያ በቀለ የሚባለው ባዶ እጁን ወጥቶ ዲላ ላይ መደብር እስኪከፍት ድረስ የሚያሳየው ጥበብ!»

«የምን መደብር?» ይላሉ ጋሽ ጴጥሮስ። «በቀለ ሞቷል እኮ።»

«ማን ገደለው?»

«አዞ ነዋ! ሽፋኑ ላይ አላየኸውም?»

«ጴጥሮስ፣ ሰው ቤት ነን፤ የምታውቀውን ተናገር። እኔ ከፍዬ ነው ያነበብኩት።»

«እኔ ደግሞ ሐይቁን አውቀዋለሁ!»

አጎቴ መሀል ገብቶ ያስታርቃል ሲባል «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። በቀለ ሰላም ነው። ጫኖ ናት። አሁን ሙዝ እያጠጣ ነው» ይላል።

ብቻ ሰውየው ሞቷል፣ ሀብታም ሆኗል፣ ገበሬ ሆኗል ሲባል ቤቱ ተናወጠ። ጥቂት ቆይቶ አጎቴ ደጅ ወጥቶ በእጁ ጠራኝ። ሳሩ እጁ ላይ ተጨማድዷል።

«ና፣ ጠሩህ።»

«እኔን? በሽምግልና ላይ?»

«እኔም እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» አለ አጎቴ። «ና ብቻ።»

ገባሁ። ጋሽ ደምሰው መነጽራቸውን አድርገው፣ ታብሌታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ጥግ ይዘው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል፤ ይስቁ ያልቅሱ አላወቅሁም። መቅደስ የጓዳው በር ላይ ቆማለች።

«ጤና ይስጥልኝ መምህር» አሉ ጋሽ ደምሰው። «እነዚህ ሽማግሌዎች የአንተን መጽሐፍ አንብበዋል። እኔም አንብቤያለሁ።»

«እርስዎም?»

«ልጄ ልካልኝ ነበር። ሁለት መቶ የሚያህል የፊደል ስህተት አለበት፤ ያን ሌላ ቀን እናወራለን። ዛሬ የምፈልገው መጨረሻውን ነው። የእኔ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ከነዚህ ከሦስቱ ጋር አይገጥምም። ስማኝና ልክ ከሆንኩ ንገረኝ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉና የለቅሶ ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው ማንበብ ጀመሩ። «“ዓይኔ፣ ልቤ፣ የጠዋት ፀሐዬ! ከሐይቁ ማዶ ያለ አንቺ ያየሁት ሁሉ ውሃ ነው። የከንፈርሽ...”»

«ጋሼ!» አልኩ።

«የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«“ከንፈርሽ” ላይ ሦስት ቃለ አጋኖ ምን ይሠራል?»

ለመቅደስ የላክሁት ደብዳቤ በአባቷ ድምፅ፣ በሽማግሌ ፊት፣ እናቷ እየሰሙ ተነበበ። ጋሽ ሸምሱ ዝም ማለት አልቻሉም፤ «ማዶውም ውሃ ከሆነ ምኑን ተሻገረ ታዲያ?» አሉ።

ጋሽ ደምሰው ታብሌቱን አስቀመጡ። ድምፃቸው ተለወጠ።

«እንግዲህ ስማኝ። አንድ ሰው ነው፤ አራት ቦታ ነው ያለው። አንዱን ደስ ለማሰኘት ገደልከው፣ አንዱን ደስ ለማሰኘት አከበርከው። ለፈጠርከው ሰው አንድ ቃል ያጣህ፣ ለልጄ ምን ቃል ይኖርሃል? ነገ እሷን ደስ ለማሰኘት አንድ ነገር፣ እኔን ደስ ለማሰኘት ሌላ ትላለህ። በል፣ በሽማግሌ ፊት ተናገር። በቀለ የት ነው?»

ሦስቱም ሽማግሌዎች ወደ እኔ አዩ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መልስ እየጠበቁ። ጋሽ ጴጥሮስ በዓይናቸው «አዞ በል፣ አዞ በል» ይሉኛል። አንዱን ብመርጥ ሁለቱን ላስቀይም ነው፤ የማስቀይማቸው ደግሞ ሽማግሌዎቼን። የመቅደስን ፊት ለማየት አልደፈርኩም። እስከዚያ ቀን ድረስ ለጠየቀኝ ሁሉ መልስ አጥቼ አላውቅም ነበር።

«አላውቅም» አልኩ።

«ምን?»

«የት እንደገባ አላውቅም ጋሼ። ጀልባዋን ባዶ ያስመለስኳት ጥበብ ሆኖ አይደለም። ከዚያ በኋላ ምን እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ደግሞ አላውቅም ማለት አፈርኩ።»

ጋሽ ሸምሱ «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አሉ። ጋሽ ደምሰው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«እኔ ከጎጃም ስወጣ ለእናቴ አልነገርኳትም» አሉ። «ቆይቼ ሰው ብልክ፣ አፈር ከለበሰች ከርማለች። የት እንደገባሁ ሳታውቅ። ስለዚህ መጽሐፍህን ጨርሼ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ተመልሶ መጣ ማለትህን አላመንኩትም። በቀለ ዲላም ይሁን፣ ጫኖም ይሁን፣ አዞ ሆድም ይሁን ግዴለኝም። አስቴር ግን እዚያ ዳር ላይ ቆማ ቀርታለች። አንድ ሰው ሄዶ ይንገራት እንጂ!»

አጎቴ ጋልሻ ተነስቶ የተጨማደደውን ሳር ጋሽ ደምሰው እግር ስር አስቀመጠ፤ «ሎኦ» አለ በጋሞኛ፤ መልካም ማለት ነው።

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ ደምሰው፣ «“አላውቅም” የሚል ሰው ቢያንስ ሊማር ይችላል። እኔ ጨርሻለሁ። ግን ልጅቷም ትጠየቅ፤ የዚህ መጽሐፍ አንባቢ እሷም ናት። መቅደስ፣ ይኼን ሁሉ የከንፈር ጉድ አንብበሽ ነው ሽማግሌ ይላክ ያልሽው?»

መቅደስ ወደ መሬት አየች። ወደ እኔ አየች። መልሳ ወደ መሬት አየች።

«የቱን አንብቤ?» አለች። «እኔ እኮ አላነበብኩትም።»

«ምን?» አልን ሁላችንም።

«ሲልክልኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። ለአባዬ አሳለፍኩለት፤ እሱ ማንበብ ይወዳል ብዬ። በቀለን ዛሬ ነው የሰማሁት።» ከዚያ ቀና ብላ አባቷን በደንብ አየቻቸው። «መጽሐፉን አላነበብኩትም አባዬ። የጻፈውን ሰው ግን አውቀዋለሁ። እሺ ብያለሁ።»

እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሱና እልልታውን አቀለጡት። ሲስቁ ነበር ለካ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ እሁድ በኋላ ብዙ ነገር ተለውጧል። ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል። «ሁለተኛው ጀልባ»ን እንደገና አውጥቻለሁ፤ ዋጋው ድፍን ሁለት መቶ ነው፣ ሽፋኑ ላይ አዞ የለም፣ ፊደሉን አማቴ አንድ በአንድ አርመውታል። መጨረሻው ለሁሉም አንድ ነው፤ አንድ መንገደኛ መጥቶ በቀለ ከማዶ በሕይወት እንዳለ፣ እንደማይመለስም ለአስቴር ይነግራታል፤ እሷም ጥቂት አልቅሳ ወደ ቤቷ ትገባለች። ምራቂ የጠየቀኝ ካለ ሙዝ እሰጠዋለሁ። ጋሽ ጴጥሮስ ግን እስካሁን አልተቀበሉኝም፤ ያ መንገደኛ ውሸታም ነው ይላሉ።

መጽሐፍ በኤሌክትሮኒክ ልታወጡ ያሰባችሁ ካላችሁ የምላችሁ አንድ ነው። ፋይሉ እንደፈለጋችሁ ይከፈታል፣ ይለወጣል፣ ማንም አይከለክላችሁም፤ መከራውም ያ ነው። የታተመ መጽሐፍ ደራሲውን ዝም ያሰኘዋል፤ ይኼኛው ግን በየቀኑ «እሺ፣ ለእርስዎ ደግሞ እንዲህ ላድርግልዎ» ያሰኛል። እኔ ይህን ከመጽሐፌ ይልቅ በራሴ ላይ ነው ያየሁት። አሁን ክፍል ውስጥ ተማሪ የማላውቀውን ሲጠይቀኝ «አላውቅም፣ ነገ አንብቤ እመጣለሁ» እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ይስቁብኝ ነበር፤ አሁን እነሱም ይሉታል።

መቅደስን መጽሐፉን አንብቢው ብያት አላውቅም። ባለፈው ሰሞን ግን በአባቷ ድምፅ የሰማችውን ያንን የከንፈር ነገር እኔ ራሴ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ያለ ቃለ አጋኖ። ነገርኳት።